ፖስተሩን ተዉትና ሰዓቱን አሳዩኝ

ፖስተር ላይ አንዲት ሴት ዲጄ፣ አንድ ዓይነ ስውር ድምፃዊና አንድ በሲዳምኛ የሚዘፍን ልጅ ደርድሮ «የሁሉም ምሽት» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። ፎቶ ይሰበሰባል፣ ስም ይጻፋል፣ አለቀ። ጉዱ የሚታየው ምሽቱ ሲጀመር ነው። ዲጄዋ ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ አስተናጋጆቹ ገና ወንበር ሲደረድሩ ትጫወታለች። ዓይነ ስውሩ ድምፃዊ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅት በፊት የሚደረግ የድምፅ ፍተሻ) ሳይደርሰው መድረክ ላይ ይወጣል። ሲዳምኛ የሚዘፍነውን ልጅ «አንድ ብቻ በልና ውረድ፣ ሰዓት የለም» ይሉታል። 5 ሰዓት ሆኖ ቤቱ ጢም ሲል ደግሞ ሁሌም የምናውቃቸው ሰዎች ይወጣሉ። ክፍያውም በዚያው መንገድ ነው የሚከፋፈለው።

እኔ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስና ስታዲየም አካባቢ ባሉ ትንንሽ ቤቶች የሙዚቃ ምሽት ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። መድረክ የማያገኙ ሰዎችን ፈልጌ ነው የምሠራው፦ ሴት ተጫዋቾች፣ አካል ጉዳተኛ ሙዚቀኞች፣ ከአማርኛ ውጪ የሚዘፍኑ ልጆች፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች። ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ነገር ለመጀመር አስባችሁ ከየት እንደሚጀመር ግራ ለገባችሁ ነው። ስለ ዓላማ አላወራም፤ ዓላማው እንደገባችሁ እቆጥረዋለሁ። የማወራው ስለ ሰዓት፣ ስለ ብር፣ ስለ በርና ስለ ታክሲ ነው። ከእኔ ልምድ እነዚህ አራቱ ካልተስተካከሉ ቀሪው ወሬ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ። መሀል ከተማው ውስጥ ለሙዚቃ የሚሆን ትንሽ ቤት ማግኘት ከዓመት ዓመት እየከበደ ነው። ጥር 2007 ላይ ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ውስጡ የነበረው ጃዛምባ የተባለ የጃዝ ቤት አብሮ ሄደ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ስንት አዝማሪ ቤት እንደጠፋ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ለብዙ ዓመት ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ሐበሻውም ፈረንጁም የሚገናኝበት የዳንሰኛው መላኩ በላይ አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃ እንኳን ከካዛንቺስ ቤቱ ተነስቷል። ቤት ሲቀንስ ኪራይ ይጨምራል፤ ኪራይ ሲጨምር የቤቱ ባለቤት ሰው እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ባንድ ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚገፋው እንግዲህ ያልታወቀው ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜን አትለምኑ። ባዶውን ቀን ጠይቁ። እኔ ጋሼ ከምላቸው አንድ የባር ባለቤት ጋር የተነጋገርነው እንዲህ ነበር።

«ጋሼ፣ ማክሰኞን ይስጡኝ።»

«ማክሰኞ ምን ሰው አለ ብለሽ ነው ልጄ?»

«እሱን ብዬ ነው። የመግቢያው የእኛ፣ የመጠጡ የእርስዎ ይሁን።»

«ሰው ባይመጣስ?»

«ማክሰኞ መቼ መጥቶ ያውቃል?»

ሳቁና ሰጡኝ። ግን ሳቅ ውል አይደለም። አንድ ገጽም ቢሆን ጻፉ፦ የመግቢያው ገንዘብ የማን እንደሆነ፣ ጄኔሬተር ቢነሳ ነዳጁን ማን እንደሚችል፣ ስንት ሰዓት ላይ ድምፅ እንደሚቀንስ፣ ከአንድ ቀን በፊት ቢሰርዙ ምን እንደሚከፍሉ። ለቤቱ የተሰጠው ፈቃድ የላይቭ ሙዚቃን የሚያካትት መሆኑን ወረዳው ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አካባቢው ላለው ፖሊስ ጣቢያም ቀድሞ መናገር አይከፋም። ጎረቤት ካለ ሄዳችሁ ስልካችሁን ስጡ። ጎረቤት እናንተ ጋ ከደወለ ድምፅ ትቀንሳላችሁ፤ ፖሊስ ጋ ከደወለ ምሽቱ አለቀ።

አሁን ወደ ሰዓት። ብዙዎች ያልገባቸው ነገር፣ ማታ 5 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት ገና ከመነሻው ሰው መርጦ ነው የሚጀምረው። ከቤተሰቧ ጋር የምትኖር ሴት፣ መኪና የሌለው ሰው፣ በነጋታው ጠዋት የሚገባ ሠራተኛ፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ተቀንሰዋል። ሚኒባስ ታክሲው ከ3 ሰዓት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ ያለው በስልክ የሚጠራው ራይድ ወይም ፈረስ ነው፤ እሱ ደግሞ ለብዙ ልጅ ከመግቢያው በላይ ነው የሚያስወጣው።

እኔ ጋ የተሻለ የሠራው እሑድ ከሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተጀምሮ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚያልቅ። መጀመሪያ ሰው ሳቀብኝ፤ «ክለብ በፀሐይ?» አሉኝ። ሆኖም በማታው ምሽት በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ሴቶች በቀኑ ዝግጅት ከታዳሚው ግማሹን ያህል ሆኑ። መጋረጃ ከተዘጋ መብራቱ ያው ነው፣ ቤዙም ያው ነው። አንዲት ድራም የምትመታ ልጅ ነበረች፤ እናቷ ማታ አይለቋትም። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ እሑድ ቀን ነው፣ 1 ሰዓት ላይ እኔው በታክሲ አመጣታለሁ።»

«ቀን ከሆነማ እኔስ ለምን ቀረሁ?» አሉ።

መጡም። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሚሪንዳቸውን እየጠጡ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ማታም መጫወት ጀመረች፣ ምክንያቱም እናትየው ቤቱን አይተውታል፣ እኔንም ያውቁኛል። ይህ እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከሰው እናት ጋር ክርክር ከመግጠም ወንበር መሳብ ይቀለኛል።

የማታ ዝግጅት ሲሆን ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፦ ምርጡ ሰዓት የሚሰጠው ምሽቱ ለተዘጋጀላቸው ሰዎች ነው። የታወቀው እንግዳ ይክፈት። አዎ፣ ስም ያለው ሰው መጀመሪያ ይጫወት። ሁለት ጥቅም አለው። ሰው ስሙን ብሎ በሰዓቱ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ አዲሷ ልጅ የምትወጣው ሙሉ ቤት ላይ ነው። አንዳንድ የታወቁ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። ቅር ያለው ይቅር፤ ደስ ብሎት የመጣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሳትጠሩት ይደውላል።

ብር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት እዚህ ነው ያለው። «ልምድ ታገኛለህ»፣ «ፕሮሞሽን ነው» የሚባለውን ነገር ሁላችንም ሰምተነዋል። ባለ ራይዱ ፕሮሞሽን አይቀበልም። ከመግቢያው በመቶኛ መክፈልም ለታወቀ ሰው ነው የሚያዋጣው፤ ያልታወቀው ሰው የሚጎትተው ታዳሚ ስለሌለው ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ጥፋቱም የእሱ ይመስላል። የተሻለው፣ ለሁሉም እኩል የሆነ ዝቅተኛ ክፍያ መጀመሪያ መቁረጥ ነው። ትርፍ ከተገኘ ያኔ ይከፈላል።

እንበል 80 ሰው በ300 ብር ገባ፤ 24,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የድምፅ መሣሪያ ኪራይ፣ የድምፅ ባለሙያ፣ የመመለሻ ታክሲ፣ ካለ አስተርጓሚ ይነሳል። የቀረውን ስታዩ አምስት ሙዚቀኛ መጥራት እንደማትችሉ ይገባችኋል። ስለዚህ ሦስት ብቻ ጋብዙ። ሦስት ሰው በአግባቡ ተከፍሎት ቢሄድ ይሻላል፣ አምስቱ የታክሲ ተሰጥቷቸው ከሚያዝኑ። ፖስተሩ ላይ ስም ሲበዛ ደስ ይላል፤ ግን ማነው የሚከፍልለት?

ቀብድ ስጡ። ትንሽም ብትሆን ቀድማ ትግባ። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ሰበብ የለም። ቀሪውን መሣሪያው ሳይታሸግ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ክፈሉ። «ሰኞ እልካለሁ» የሚባለው ሰኞ መቼ እንደሆነ ሙዚቀኛ በደንብ ያውቃል። ማን ስንት እንደተከፈለው ደግሞ ሁሉም ይወቅ። እኔ ወረቀቱን ከመድረክ ጀርባ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይደነግጣል። ግን ሴቷ ከወንዱ ግማሽ የሚከፈላት ነገር በዚያ ወረቀት ምክንያት ይሞታል፣ ማንም ደፍሮ አይጽፈውማ።

መድረክ ላይ ስላለው ነገር ደግሞ። «ሴት ተጫዋች ብንፈልግ የለችም» የሚለውን ንግግር ከሰማሁ ትዕግሥቴ ያልቃል። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስትዘፍን የሰማ አገር ነው ይህ። በመጋቢት 2015 ያረፉትን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን በፒያኖአቸው ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል፣ እኛ ግን ዘግይተን ነው የሰማናቸው። ሰው ጠፍቶ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሂዱና መምህራኑን አናግሩ፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት የሚማሩ ሴቶችን ታገኛላችሁ። ቤተ ክርስቲያንና መንዙማ ውስጥ ያደጉ ድምፆች አሉ። ሠርግ ላይ ከበሮ የሚመቱ ሴቶችስ? እነሱን «ሙዚቀኛ» ብሎ የጠራቸው የለም እንጂ ሪትማቸው ከብዙ ድራመር ይሻላል።

ለዲጄ ደግሞ ችግሩ መለማመጃ ነው። መሣሪያው ውድ ነው፣ ያላቸው ወንዶች ናቸው፣ ወንዶቹ ደግሞ ለጓደኛቸው ነው የሚያውሱት። ስለዚህ ከዝግጅቱ በፊት ለሁለት ሦስት ሰዓት መሣሪያውን ክፍት አድርጉ። አንድ የምታውቅ ሴት ዲጄ ከፍላችሁ አምጡና ልጆቹ ፍላሽ ይዘው መጥተው ይሞክሩ። አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ፣ አንዳንዶቹ ከወር በኋላ ፖስተሩ ላይ ናቸው። ወንድ «ልርዳሽ» እያለ ኖቡን (የመሣሪያውን ማዞሪያ) ሲነካ ዝም አትበሉ፤ እጁን ይሰብስብ።

ሳውንድ ቼክ ላይ ልማዱ ይታወቃል። መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይፈትሻል፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ መክፈቻው ልጅ በር ሲከፈት ገና ገመድ ይሰካል። ለእያንዳንዱ ሰው ደቂቃ መድቡለት፣ ስልክ ላይ ሰዓት ሙሉና ሲጮህ አስወርዱት። ማሲንቆ ካለ የድምፅ ባለሙያውን ቀድማችሁ ንገሩት። የፈረስ ጭራ ክር ነው፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ በተራ ማይክ ከድራም አጠገብ ካስቀመጡት ወይ አይሰማም ወይ ፊድባክ (የስፒከር ፉጨት) ያሰማል። ትንሽ የሚለጠፍ ማይክ ፈልጉለት፣ ከድራሙ አርቁት፣ ሞኒተሩን (ለተጫዋቹ የሚያሰማውን ስፒከር) ወደ ጎን አዙሩት። ኤሌክትሪክ ክራር ቀላል ነው፤ በዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይገባል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «የባህል መሣሪያ አስቸጋሪ ነው» ይላል።

ዓይነ ስውር ድምፃዊ ሲኖር ከፈተሻው በፊት መድረኩን አብራችሁ ዙሩት። ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ጠርዙ የት እንደሆነ፣ ማይኩ የት እንደቆመ በእጁ ይወቅ። ከዚያ በኋላ ማንም ማይኩን እንዳያንቀሳቅስ! ገመዱ ሁሉ በፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጠፍ። «አምስት ደቂቃ ቀረ» የሚለው ምልክት በመብራት አይሆንም፤ ትከሻ በመንካት ይሁን፣ ቀድማችሁ ተስማሙ። ደግሞ ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ እሱ የእናንተን ክንድ ይይዛል።

የዲጄው ቦታ ለምን ሁልጊዜ ደረጃ ላይ እንደሚሆን አይገባኝም። ጠረጴዛውን መሬት አውርዱት። በዊልቸር ያለች ዲጄ ሌላ ነገር አትፈልግም፤ ከሥሩ ጉልበት የሚያስገባ ጠረጴዛ ብቻ። ለበሩ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከ80 ሳንቲ ሜትር የጠበበ በር ላይ ዊልቸር ይቸገራል፣ የመፀዳጃ ቤቱንም በር ለኩ፣ የሚረሳው እሱ ነው። ለጊዜው የሚሠራ የእንጨት ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) አናጢ ጋ ማሠራት ይቻላል፤ የተለመደው ልክ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት እጥፍ ርዝመት ነው፣ ማለትም ለ30 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 3 ሜትር ከ60። ቦታ ካልበቃ ሌላ ቤት ፈልጉ እንጂ ዳገት አድርጋችሁ አትሥሩት፣ ሰው ይወድቃል። ባለቤቱ ካጉረመረመ የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መፀዳጃ እንዲኖረው እንደሚያዝ በትሕትና ንገሩት። አብዛኛው ባለቤት ሕጉ መኖሩንም አያውቅም። «ተሸክመን እናስገባዋለን» የሚለው መልስ ደግ ሊመስል ይችላል፣ ግን እስቲ አራት ጋርድ ተሸክሟችሁ ክለብ ግቡ።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሙዚቃ ምሽት ምን ያደርጋሉ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ይጨፍራሉ። ቤዝ በእግር፣ በደረት ይሰማል፤ የእንጨት ወለል ካለ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። ሰብውፈሩ (የቤዙ ስፒከር) አጠገብ ቦታ ተዉላቸው፣ ፊኛ በእጅ መያዝም ንዝረቱን ያጎላል። ግጥሙ እንዲደርስ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ መተካት አለበት። ግጥሙን ከቀናት በፊት ላኩላቸው፣ መብራት ያለበት ቦታ ላይ አቁሟቸው። ጭስ የሚያወጣውን ማሽን ያን ቀን ተዉት፣ እጅ አይታይም።

የድምፅ መጠንም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት የመዝናኛ ቤት አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ስልክ ላይ የሚጫነው የድምፅ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም ይረዳል። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ይኑር፣ ወንበርና ውኃ ያለበት። ማን እንደሚጠቀመው አትጠይቁ።

በሩ ላይ ያሉ ሰዎች ዝግጅቱን ያበላሹታል ወይም ያድኑታል። ብቻዋን የመጣች ሴት በአንዳንድ ቤት በር ላይ እንዴት እንደምትታይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ «ከማን ጋር ነሽ?» ትባላለች። ስለዚህ ጋርዶቹን ከዝግጅቱ በፊት ቁጭ አድርጋችሁ አናግሯቸው፣ ሻይ እየጠጣችሁ። ብቻዋን የመጣች ሴት ትገባለች። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ትሆናለች። ዊልቸር ሳይጠየቅ አይነካም። ቀሚስ፣ ፀጉር፣ ጫማ አይታይም። መታወቂያ ግን ይታያል፣ አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ስለሚከለክል። በቀኑ ዝግጅት ላይ ተማሪዎች ስለሚመጡ እኔ መጠጡን ከነጭራሹ አስቀርቼ በቡና፣ በጭማቂና በለስላሳ የሠራሁበት ጊዜ አለ። የባሩ ገቢ ይቀንሳል፤ ባለቤቱን ቀድማችሁ አሳምኑ።

ለከፋን በተመለከተ መድረክ ላይ ወጥታችሁ በግልጽ ተናገሩ። ረጅም ስብከት አያስፈልግም። «እዚህ ቤት ሳይፈቀድ አይነካም፤ የነካ ገንዘቡ አይመለስለትም፣ ይወጣል» በቂ ነው። ስልክ ቁጥር የሴቶች መፀዳጃ በር ጀርባ ላይ ለጥፉና ስልኩን ያልጠጣ ሰው ይያዘው። አንድ ጊዜ የወጣው ሰው ብዙ የሚያዝ ደንበኛ ነበር፤ ሒሳቡ ከብዶ ስለነበር ባለቤቱ ፊቱ ጠቆረ። ግን በሚቀጥለው ወር ያቺ የተነካችው ልጅ ስድስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች።

የሽልማት ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አዝማሪን መሸለም የእኛው ወግ ነው፣ አይጥፋ። ግን ግንባር ላይ ብር ልለጥፍ ብሎ የሚጠጋ ሰው እጁ የት እንደሚያርፍ ሴት ዘፋኞች ይነግሯችኋል። እኛ መድረኩ ፊት መሶብ አስቀመጥን፣ አጠገቡ የቴሌብር ኪውአር ኮድ። ሸላሚው መሶቡ ውስጥ ይጥላል፣ አዝማሪዋ ስሙን ጠርታ ታወድሰዋለች። የሚገርመው ብሩ አልቀነሰም። ሰው የሚፈልገው ስሙ እንዲጠራ ነው።

አዝማሪ ደግሞ ታዳሚውን በግጥም መንካቱ ሥራው ነው። በአንዱ ምሽት በዊልቸር የመጣ እንግዳ ነበር። አዝማሪው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የአንዱን ቦርጭ፣ የሌላውን ራሰ በራነት ሲገጥም እሱ ጋ ሲደርስ አለፈው። ሰውየው እጁን አውጥቶ «ወንድሜ፣ እኔን ለማን ተውከኝ?» አለ። አዝማሪው ለአፍታ ቆመና ስለ ሸሚዙ ቀለም ገጠመለት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለአዝማሪ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ማንንም አትዝለል፣ በአካሉ ጉዳት ግን አትግጠም፣ ሌላ ብዙ የሚገጠምበት አለ።

ከአማርኛ ውጪ የሚዘፈነውን በተመለከተ አንድ ልማድ አለን። ባንዱ መጨረሻ ላይ ጉራጊኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ እያለ ያስጨፍራል፣ ሁላችንም እንነሳለን፣ ላብ በላብ እንሆናለን። ግን የሚዘፍነው ሰው ብዙ ጊዜ ቃሉን በአፉ የሸመደደ ነው። ቋንቋው ለእስክስታና ለጭፈራ ይፈለጋል፣ ባለቤቱ ግን አይጠራም። እስቲ ጋሞኛ የሚዘፍን የመርካቶ ልጅ ጥሩና ጭፈራ ሳይሆን ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ይዝፈን። በመሀል ግጥሙ ምን እንደሚል ራሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረን። ፖስተሩንም በዚያ ቋንቋ አሠሩት። እኛ ይህን ስናደርግ ዘመድ አዝማድ መጣ፣ ክለብ ረግጠው የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ጋቢ ለብሰው ተቀመጡ። ጋርዱ ግራ ገብቶት «ይግቡ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈቅዱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያልተቀረጸ ትርዒትን የመቅረጽና የማሠራጨት ፈቃድ የሙዚቀኛው እንደሆነ ይላል። ያ ሁሉ ቀርቶ፣ ቤተሰቧ ክለብ መጫወቷን የማያውቅ ልጅ ቪዲዮዋ ቲክቶክ ላይ ቢወጣ ምን እንደሚመጣባት አስቡ። ፈቃዱ ሦስት አማራጭ ይኑረው፦ ይቀረጽ፣ ድምፅ ብቻ ይቀረጽ፣ ምንም አይቀረጽ። የተቀረጸውን ደግሞ ለራሳቸው ስጧቸው። ሌላ ቤት ሄደው ሥራ የሚጠይቁት በእሱ ነው።

የስፖንሰር ነገር አጭር ነው። ባነሩ ከሙዚቀኛው ስም ካልበለጠ ብሎ የሚያስቸግር ድርጅት ይገጥማችኋል። አንዱ «አካል ጉዳተኞቹ ፊት ለፊት ይቀመጡ፣ ለፎቶ» ብሎኝ ያውቃል። ብሩ ያጓጓል። እንቢ አልኩ፣ ያን ወር የአስተርጓሚውን ከኪሴ ከፈልኩ። እንደ ፈረንሳዩ አልያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና እንደ ጀርመኑ ጎተ ያሉ የባህል ተቋማትን ማነጋገር ግን ጥሩ ነው፤ አዳራሽ ባይሰጡ እንኳ ሰው ያስተዋውቃሉ።

የመጨረሻው የቀን መቁጠሪያ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእሱ ጊዜ ጭፈራ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ሙዚቀኛም በፈቃዱ አይጫወትም። ረመዳንም እንደዚያው፣ ሙስሊም ሙዚቀኞችንና ታዳሚዎችን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ። ያን ጊዜ ለልምምድ፣ ለዲጄ ስልጠና፣ ለራምፕ ሥራ ተጠቀሙበት። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ከፋሲካ በኋላም ሠርጉ ይከተላል። በእነዚህ ጊዜያት ጥሩ ኪቦርድ ተጫዋችና ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ማግኘት ዘበት ነው፣ ሠርግ ከእናንተ እጥፍ ይከፍላል። ስለዚህ ለግንቦት የምታስቡ ከሆነ ባለሙያውን በሁዳዴ ያዙት፣ ቀኑን አስጽፉት፣ ቀብዱንም ያኔውኑ በቴሌብር ላኩለት።